መታ እና መጣ በአንድ ፋይል፦ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች ጭነት ለምን እንደሚሰናከል የሚያሳይ የታሪክ ንባብ

1. መነሻ

በእንግዳ መምህርነት በቆየሁበት በዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ባለፈው የትምህርት ዘመን፣ ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር አንድ የአማርኛ ግሥ መተንተኛ በላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ጫንን። መሣሪያውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በዶክትሬት ጥናቴ ዘመን ጀምሬው ለብዙ ዓመታት በሊኑክስ ላይ ብቻ ሳሠራው ኖሬአለሁ። በመስኮትና በምስል የሚሠራ አይደለም፤ በትእዛዝ መስመር ይጠራል፤ ቃል ሲሰጡት ሥርወ ግሡንና ምዕላዶቹን ዘርዝሮ ይመልሳል። የላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ግን በዊንዶውስ የሚሠሩ ነበሩ። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ የመጫኛው ስክሪፕት ሥራው መጠናቀቁን አስታወቀ። ከዚያም አንዲት ተማሪ “መጣ” የሚለውን ቃል ሰጠችው፤ መሣሪያው ቃሉን እንደማያውቀው መለሰ። “መታ” የሚለውን ስትሰጠው ግን ያለ አንዳች ችግር ተነተነው።

አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ሁሉ በሕፃንነቱ የሚያውቀውን ግሥ የማያውቅ መተንተኛ በእርግጥ ተጭኗል ሊባል አይችልም። ነገር ግን የስሕተት መልእክት አልታየም፤ ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። ተማሪዋ መሣሪያውን የፈለገችው የቃል ተረቶችን ግሦች ለመቁጠርና ውጤቱን በመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ለማስገባት ነበር። በአጋጣሚ “መጣ”ን አስቀድማ ባትሞክር ኖሮ፣ የተሳሳተው ቁጥር ምንም ሳይነካው ወደ ጽሑፏ በገባ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ክርክሩም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በጭነት ጊዜ የሚገጥመን እክል የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ በተለያየ ዘመን፣ ለተለያየ ቋንቋና ለተለያየ ማሽን የተወሰኑ ውሳኔዎች በአንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ የሚፈታው በታሪክ ንባብ ነው፤ የብራና ጽሑፍ መርማሪ የገልባጩን ስሕተት ከጥንቱ ንባብ እንደሚለይ፣ እኛም የስሕተቱን ዘመን ለይተን ማወቅ ይኖርብናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የቴሌታይፑ ውርስ

የትእዛዝ መስመር የተወለደው ኮምፒውተርና ሰው በቴሌታይፕ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን ነው። በ1960ዎቹ በሰፊው የተሠራጨው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ የሚጽፈው የላቲኑን ትልቅ ፊደል ብቻ ነበር። በ1963 የወጣው የመጀመሪያው አስኪ የተባለው የፊደል መለያ ደንብም ትንንሾቹን የላቲን ፊደላት አልያዘም ነበር፤ የገቡት በ1967 በተሻሻለው ቅጂ ነው። ደንቡ በሰባት ቢት የተወሰነ በመሆኑ ከ128 ምልክቶች በላይ ለመያዝ አይችልም። ከ200 በላይ ቅርጾች ያሉት የግዕዝ ፊደል በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ሊገባ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ከዚህ ዘመን ሁለት ልማዶች ተወረሱ። አንደኛው የዩኒክስ ነው። በ1969 በቤል ላብራቶሪዎች ሥራው የተጀመረው ዩኒክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት ልዩ ፊደላት ይቆጥራል፤ ሊኑክስም ይህንኑ ወረሰ። ሁለተኛው የዶስ ነው። በ1981 የወጣው ዶስ የፋይል ስሞችን ሁሉ በትልቁ ፊደል ይመዘግብ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዊንዶውስ ስሙን እንደ ተጻፈ ይይዛል እንጂ፣ በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞችን በተለመደው አሠራሩ እንደ አንድ ያያቸዋል። የማክ ኮምፒውተሮችም በተለመደው አቀማመጣቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህ ልዩነት ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የመልክ ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የትርጉም ጉዳይ ሆነ።

ሦስተኛው ውርስ የፍለጋ መንገዱ ነው። በ1979 በሰባተኛው የዩኒክስ እትም የወጣው ቦርን ሼል፣ ተጠቃሚው የትእዛዝ ስም ሲጽፍ ፕሮግራሙን የት የት እንደሚፈልግ የሚነግረው ፓዝ የተባለ የማኅደሮች ዝርዝር ነበረው። ዛሬ ጀማሪውን ሁሉ የሚያስደነግጠው “ትእዛዙ አልተገኘም” የሚለው መልስ ከዚሁ ዝርዝር የሚመጣ ነው። መልሱ ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለት አይደለም፤ በዝርዝሩ በተጻፉት ማኅደሮች ውስጥ አላገኘሁትም ማለት ብቻ ነው።

በላብራቶሪያችንም የመጀመሪያው እክል ይኸው ነበር። መሣሪያው በተርሚናሉ ላይ ሲጠራ ይሠራል፤ ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን ከሚያዘጋጁበት ኤዲተር ጋር ስናገናኘው ግን አልተገኘም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንኛውም ፕሮግራም የፍለጋ መንገዱን የሚቀበለው በተከፈተበት ቅጽበት ነው። ኤዲተሩ የተከፈተው ከጭነቱ በፊት ስለ ነበር አሮጌውን ዝርዝር ይዞ ቀረ፤ ዘግተን እንደገና ስንከፍተው ችግሩ ጠፋ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሁለት የፓይተን ቅጂዎች ስለ ነበሩ ተርሚናሉ አንደኛውን፣ ኤዲተሩ ሌላውን ይጠራ ነበር። መሣሪያውን የጫንነው በአንደኛው ውስጥ ብቻ ነው።

3. ፊደሉ በላቲን ልብስ

የሥነ ምዕላድ ትንተና በኮምፒውተር ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው በዋናነት ፊንላንዳዊው ኪሞ ኮስኬኒየሚ በ1983 በሄልሲንኪ ካቀረበው የሁለት ደረጃ ሥነ ምዕላድ በኋላ ነው። በ2003 ኬኔት ቢስሊና ላውሪ ካርቱነን ያሳተሙት የፋይናይት ስቴት ሥነ ምዕላድ መጽሐፍ፣ የዜሮክስን መሣሪያዎች በሲዲ አያይዞ ለብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች አደረሰ። ከዚያም ማንስ ሁልደን የሠራው ፎማ እና የሄልሲንኪው የመሣሪያዎች ስብስብ በነጻ ተከተሉ። በእኛ አካባቢ ቋንቋዎች ረገድ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር በ2011 ያቀረበው ሆርንሞርፎ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በፓይተን በተጻፈ ፕሮግራም ይተነትናል። እነዚህ ሁሉ በትእዛዝ መስመር የሚጠሩ ወይም በፕሮግራም ውስጥ የሚካተቱ ናቸው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ ድርጅት የራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን ሥርዓት አበረከቱ። ሴራ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በአስኪ ምልክቶች ብቻ ይጽፋል፤ በኢሜይል ይላካል፤ በማንኛውም ማሽን ይነበባል። በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ መውጫ አልነበረም፤ እኔም የመተንተኛዬን ሥርወ ግሦች የጻፍኩት በእርሱ ነው።

ነገር ግን አስኪ ጠባብ ስለሆነ ሴራ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል ልዩነት ላይ ተመሠረተ። ሀ እና ሐ፣ ተ እና ጠ፣ ቸ እና ጨ፣ ነ እና ኘ፣ ሰ እና ጸ በዚሁ ብቻ ይለያያሉ። ሠ፣ ኀ እና ፀ ደግሞ ከፊታቸው ወደ ኋላ ያዘመመች ትንሽ ጭረት ይጨመርባቸዋል። ይህች ጭረት በዩኒክስ ሼል ዘንድ የራሷ ሥራ አላት፤ በሁለት ጭረቶች መካከል ያለውን ጽሑፍ ሼሉ እንደ ትእዛዝ አድርጎ ይፈጽመዋል። ስለዚህ “ንጉሥ”ን በሴራ ጽፎ ለመተንተኛ የሚሰጥ ሰው፣ ሼሉ ሁለተኛይቱን ጭረት እየጠበቀ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያያል። ፕሮግራሙ የተሰናከለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ቃሉ ለመተንተኛው ገና አልደረሰም።

ችግሩ የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ብቻ አይደለም። የኦሮምኛው ቁቤ በጉሮሮ የሚቋረጠውን ድምፅ፣ ሁዻን፣ የሚያመለክተው በጭረት ነው። በስዋሂሊም “ላም” የሚለው ቃል በውስጡ ተመሳሳይ ጭረት አለው። ሼሉ ይህንንም እንደ ጥቅስ መክፈቻ ይቆጥረዋል፤ መዝጊያው እስኪመጣም ይጠብቃል። በላቲን የሚጻፉ ቋንቋዎች ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም። መድኃኒቱ ቃሉን በድርብ ጥቅስ መክበብ፣ ከዚያም ይልቅ ቃላቱን በፋይል ጽፎ ፋይሉን ለመሣሪያው መስጠት ነው። ወደ ኋላ ያዘመመችው ጭረት በድርብ ጥቅስ ውስጥም ሥራዋን ስለማትተው፣ ለሴራ ጽሑፍ አስተማማኙ መንገድ ፋይሉ ነው።

4. ሀ ያልፋል፣ አራት ነጥብ ይወድቃል

ሁለተኛው የላብራቶሪ እክላችን ከዚህ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ነበር። የግሦችን ዝርዝር የያዘ አንድ ትንሽ ፋይል ያለ ስሕተት ተነበበ፤ የተረቶቹ ፋይል ግን ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልፍ በስሕተት ቆመ። ሁለቱም በአንድ ኤዲተር፣ በአንድ ፊደል የተጻፉ ናቸው።

መልሱ ያለው በ1992 ነው። በዚያ ዓመት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ 8 የተባለውን አጻጻፍ ነደፉ። በዚህ አጻጻፍ አስኪ እንደ ነበረ በአንድ ባይት ይቀራል፤ የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ዊንዶውስ ግን ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀውንና 1252 የሚባለውን የቆየ የኮድ ገጽ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እስከ ዛሬ እንደ ነባሪ ምርጫ ይዞታል፤ ፓይተንም ሌላ ካልተነገረው ፋይሉን በዚሁ ገጽ ያነብባል። በዚህ ገጽ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው፤ አምስት ባይቶች ደግሞ ምንም ፊደል አልተሰጣቸውም።

እዚህ ላይ የሚገርመው ዝርዝሩ ነው። ሀ የሚጻፍባቸው ሦስቱ ባይቶች ሁሉ በ1252 ገጽ ላይ ፊደል አላቸው። ስለዚህ ሀ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ሆኖ፣ ግን ያለ ስሕተት፣ ያልፋል። ሁ ግን ሦስተኛው ባይቱ ፊደል ካልተሰጣቸው አምስቱ አንዱ ነው፤ ንባቡ በእርሱ ላይ ይቆማል። ም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ “ሰላም” የሚለው ቃል ራሱ በመጨረሻው ፊደሉ ላይ ይወድቃል። የፈ እና የፐ ቤተሰቦች በሙሉ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ እንዲሁም አራት ነጥብ በሁለተኛው ባይታቸው ምክንያት ሁሉም ይወድቃሉ። የግሦቹ ዝርዝር “ሰበረ”፣ “ከበረ” እያለ ሥርዓተ ነጥብ ሳይኖረው የተጻፈ ስለ ነበር አለፈ። ተረቶቹ ግን ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በአራት ነጥብ ይዘጋል።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያመኑት ትንሹ ፋይል ደህና፣ ትልቁ ፋይል የተበላሸ መሆኑን ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም በተሳሳተ ገጽ ተነብበዋል፤ ልዩነቱ አንደኛው ስሕተቱን ሲናገር ሌላው መደበቁ ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 እንዲነበብ በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ በማዘዝ ሁለቱንም አቃናን። በንባብ ላይ የቆመ ፕሮግራም አስቸጋሪ ነው፤ ሳይቆም የሚያልፍ የተሳሳተ ንባብ ግን አደገኛ ነው። የ“መጣ” ጉዳይም ከዚህኛው ወገን ነበር።

5. መታ እና መጣ

መተንተኛውን ስጽፍ ለእያንዳንዱ ግሥ አንድ አንድ ፋይል ሰጥቼ፣ ፋይሉን በግሡ የሴራ አጻጻፍ ሰይሜው ነበር። በሴራ “መታ” እና “መጣ” በአንድ ነገር ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው በትንሹ ቲ፣ ሁለተኛው በትልቁ ቲ ይጻፋል። “ፈተነ” እና “ፈጠነ”፣ “ነተበ” እና “ነጠበ” እንዲሁ ናቸው። በሊኑክስ ላይ እነዚህ ስድስት ፋይሎች ስድስት ሆነው ለዓመታት ኖሩ።

ፋይሎቹ ወደ ላብራቶሪው የተወሰዱት በጊት ነው። ጊት በ2005 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጻፈው ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ስለሆነ የዩኒክስን ልማድ ይከተላል፤ ስድስቱንም ፋይሎች ለየብቻ ያውቃቸዋል። በዊንዶውሱ ማኅደር ውስጥ ሲያኖራቸው ግን “መጣ” ቀድሞ ተጻፈ፤ “መታ” ሲመጣ ማኅደሩ ያንኑ ስም ነው ብሎ በላዩ ላይ ጻፈበት። ከስድስቱ ሦስት ቀሩ። ጊት ስሞች መጋጨታቸውን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው የወጣው በመጫኛው ስክሪፕት ረጅም ጽሑፍ መካከል ነበር፤ ማንም አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም።

እንግዲህ “መጣ” የጠፋው በ1967 ወደ አስኪ የገቡት ትንንሽ ፊደላት፣ በ1981 ሁሉንም በትልቁ የመዘገበው ዶስ፣ በ1990ዎቹ የተ እና የጠን ልዩነት በእነዚያው ላይ ያኖረው ሴራና በ2005 የመጣው ጊት በአንድ ማኅደር ውስጥ ስለ ተገናኙ ነው። አንዳቸውም በየራሳቸው ጥፋት የለባቸውም፤ ሁሉም በዘመናቸው ለነበረው ችግር ተገቢ መልስ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ የፋይሎቹን ስም ያልለወጥኩት፣ በራሴ ማሽን ላይ የሚሠራ ሁሉ በሌላም ይሠራል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

6. ለቋንቋ ተመራማሪ የሚሆን የምርመራ ሥርዓት

ከዚህ ልምድ በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር የምንከተለው ሥርዓት አራት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን የስሕተት ወይም የማስጠንቀቂያ መልእክት እናነብባለን። የመጨረሻው መልእክት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ውጤት ብቻ ነው። የጭነቱን ጽሑፍ በሙሉ በፋይል እናስቀምጣለን። ሁለተኛ፣ የሚጠራው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ማኅደር እንዳለ ሼሉን እንጠይቃለን፤ ከተርሚናሉም ከኤዲተሩም ጠይቀን ሁለቱን መልሶች እናስተያያለን። ሦስተኛ፣ በምንጩ ያሉትን ፋይሎች ቁጥር ከተጫኑት ቁጥር ጋር እናመሳክራለን። ይህ ቆጠራ ቢደረግ ኖሮ የጎደሉት ሦስት ፋይሎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ በታዩ ነበር።

አራተኛው ደረጃ የሙያችን ነው። በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ቃላትን ለመሣሪያው እንሰጣለን። የሥነ ድምፅ ተማሪ ሁለት ድምፆች በቋንቋው ውስጥ ትርጉም የሚለዩ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው በእንደዚህ ያለ ጥንድ ነው። ያው ጥንድ የአጻጻፍ ሥርዓቱ፣ የኮድ ገጹና የፋይል ማኅደሩ ልዩነቱን ጠብቀው ማቆየታቸውንም ይፈትሻል። ከጥንዶቹ ጋር ሁ፣ ም፣ ፈ እና አራት ነጥብ ያሉበትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምራለን። ቋንቋው ከአማርኛ ውጭ ከሆነ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ወደ ዩኒኮድ ከተጨመሩት የግዕዝ ፊደላት መካከል የሚመለከቱትን እናክላለን። በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት በዩቲኤፍ 8 ሦስት ሳይሆን አራት ባይት ስለሚወስዱ፣ ለሦስት ባይት ብቻ የተዘጋጀ አሮጌ ፕሮግራም ሊያሰናክላቸው ይችላል።

የፋይሎቹን ስም አሁን በግዕዝ ፊደል ለውጫቸዋለሁ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው “መታ” እና “መጣ” በየትኛውም ማሽን ላይ አይጋጩም። ይህ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። “ሠራ” እና “ሰራ” ለኮምፒውተሩ ሁለት ስሞች፣ ለተናጋሪው አንድ ግሥ ናቸው። ስለዚህ የትኛው አጻጻፍ እንደ ተመረጠ ከመሣሪያው ጋር በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አንዱ ንብርብር ሲነሣ ሌላው ይገለጣል።

7. መደምደሚያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሕተቱን ያገኘው ከኮምፒውተሩ ጋር ምንም ያልተያያዘ ነገር ነው፤ ተማሪዋ አማርኛ ታውቃለች። “መጣ”ን አላውቅም የሚል መሣሪያ ስታይ መሣሪያው እንደ ተሳሳተ ለመወሰን ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ነገር ግን በአካባቢያችን መተንተኛ የሚሠራላቸው ቋንቋዎች ሁሉ ተናጋሪያቸው በላብራቶሪው ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ተናጋሪዎቹ ጥቂት የሆኑ፣ መረጃቸውም ከዓመታት በፊት በመስክ የተሰበሰበ ቋንቋዎች አሉ። በእነዚህ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ “ይህ ግሥ በቋንቋው ውስጥ አልተገኘም” ተብሎ ይጻፋል፤ ጽሑፉም ይጠቀሳል። የጠፋው ፋይል የጠፋ ቃል ይሆናል።

ስለዚህ የሥራ ጽሑፎቻችን ውስጥ በኮምፒውተር የተገኘ ውጤት ስናቀርብ፣ መሣሪያው በየትኛው ማሽን ላይ፣ በየትኛው ቅጂ፣ በየትኛው የፊደል አጻጻፍ እንደ ተጫነና በየትኞቹ ጥንድ ቃላት እንደ ተፈተነ በአንድ አንቀጽ ብናሰፍር መልካም ነው። የመስክ ተመራማሪ መረጃውን ከማን፣ የትና መቼ እንዳገኘ ይጽፋል፤ ይህን ያልጻፈን ሥራ አንቀበልም። ለመሣሪያውም ከዚህ ያነሰ መጠየቅ አይገባንም። የተማሪዋ ቆጠራ እንደገና ተሠርቷል፤ በመመረቂያ ጽሑፏ የአሠራር ክፍል ውስጥም “መታ” እና “መጣ” የመጀመሪያዎቹ የመፈተሻ ቃላት ሆነው ተመዝግበዋል።